ዴስክቶፕ ፕሮግራም በኮንቴይነር፦ ጣጣው ያለው ስክሪኑ ላይ ነው

ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠው መደበኛ ድጋፍ ያበቃው እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ነው። ድሬዳዋ ውስጥ ይህ ብዙ ሰው ይነካል። እዚያው ከተማ ካለው ታይዋን ገበያ ተገዝተው፣ ራም ተጨምሮላቸው፣ ሃርድ ዲስካቸው በኤስኤስዲ ተቀይሮ እስከ ዛሬ የሚያገለግሉ ላፕቶፖች ሞልተዋል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባለውን የደህንነት ክፍል ይጠይቃል። ከኢንቴል ፕሮሰሰሮችም፣ ከጥቂቶች በቀር፣ ከስምንተኛው ትውልድ በታች ያሉትን በይፋ አይቀበልም። ማሽኑ ገና ይሠራል፤ አዲሱ ሲስተም ግን አያስገባውም።

ስለዚህ ሰው ተከፋፈለ። አንዱ እዚያው ዊንዶውስ 10 ላይ ቀረ። ሌላው ከሊኑክስ ዓይነቶች ኡቡንቱን ወይም ሚንትን ጫነ። ውጭ ዘመድ ያለው ደግሞ ማክቡክ ተላከለት። ሳቢያን ወይም ከዚራ ሰፈር ያለ አንድ የማሰልጠኛ ክፍል ብትገቡ ሦስቱንም ጎን ለጎን ልታገኙ ትችላላችሁ።

አሁን እዚያ ክፍል ውስጥ ኪውጂአይኤስ የሚባለውን የካርታ ፕሮግራም ሊያስተምር የተነሳ አስተማሪ እናስብ። ሥራው የደቻቱን ወንዝ ተፋሰስ በካርታ ማውጣት ነው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የወረደው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ስለገደለ ለድሬ ልጅ ይህ ተራ መልመጃ አይደለም። ግን አንዱ ተማሪ አዲሱን ቨርዥን ጭኗል፣ ሌላው የድሮውን። ፕሮጀክቱን ሲቀያየሩ ማስጠንቀቂያ ይወጣል። አንዱ ጋ ያለው ፕለጊን ሌላው ጋ የለም። ማክ የያዘው ደግሞ ሜኑውን ሌላ ቦታ ይፈልጋል። ክፍለ ጊዜው ሲስተም ሲያስተካክሉ ያልቃል።

ይሄኔ አንዱ «ዶከር ውስጥ እናስገባውና እንገላገል» ይላል። ዶከር ፕሮግራምን በኮንቴይነር፣ ማለትም ለብቻው በተከለለ ቦታ የሚያስኬድ መሣሪያ ነው። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ግማሹን ችግር በእርግጥ ይፈታል፤ ፕሮግራሙና የሚያስፈልጉት ነገሮች በሙሉ ኢሜጅ በሚባል አንድ ጥቅል ታስረው፣ ሁሉም ጋ አንድ ዓይነት ሆነው ይደርሳሉ። የሚቀረው ግማሽ ስክሪኑ ነው። በእኔ እምነት ከሁሉም በፊት መወሰን ያለበት ጥያቄም ይሄ ነው፦ ፕሮግራሙ የት ይሂድ ሳይሆን መስኮቱ የት ይከፈት? ይህን ሳይወስኑ የሚጀምሩ ሰዎች ብዙ ሰዓት ያቃጥላሉ። ሲሰለቻቸውም መዝጋት የነበረባቸውን በር ከፍተው ይተዉታል።

ኮንቴይነር ስክሪን የለውም

ዶከር እ.ኤ.አ. በማርች 2013 ለሕዝብ ሲቀርብ የታሰበው ለሰርቨር ነበር። ዌብሳይት ወይም ዳታቤዝ የሚያወራው በኔትወርክ ነው፤ መስኮት አያስፈልገውም። ዴስክቶፕ ፕሮግራም ግን ስክሪን ይፈልጋል። ኪቦርድ፣ ማውስ፣ ድምፅ፣ ግራፊክስ ካርድ፣ ፎንት ይፈልጋል። ከነዚህ አንዱንም ኮንቴይነሩ ይዞ አይመጣም። ከውጭ መሰጠት ወይም እንደ ፎንቱ ኢሜጁ ውስጥ አብረው መጨመር አለባቸው።

ኮንቴይነርን ግቢ ውስጥ እንዳለ ኪራይ ቤት እዩት። እያንዳንዱ የራሱ በርና ቁልፍ አለው። ቆጣሪውና የውሃ መስመሩ ግን የግቢው ነው። ያ የጋራ መስመር ከርነሉ፣ ማለትም የሲስተሙ እምብርት ነው። ቨርቹዋል ማሽን፣ ማለትም ኮምፒውተር ውስጥ የሚነሳ ሌላ ኮምፒውተር፣ ከዚህ የሚለየው የራሱን ከርነል ይዞ መምጣቱ ላይ ነው፤ ለዚያም ነው የሚከብደው።

ከዚህ የሚመጣ አንድ ነገር አለ። የሊኑክስ ኮንቴይነር የሊኑክስ ከርነል ይፈልጋል። ዊንዶውስና ማክ ይህ የላቸውም። ስለዚህ «ዶከር በሁሉም ላይ ይሠራል» ሲባል በዊንዶውስና በማክ ላይ ከሥር አንድ የሊኑክስ ቨርቹዋል ማሽን በዝምታ ይነሳል ማለት ነው። ለሰርቨር ፕሮግራም ልዩነቱ ብዙም አይታይም። ለመስኮት ግን በጣም ይታያል፤ ፕሮግራሙ ያለው ቨርቹዋል ማሽኑ ውስጥ ነው፣ ስክሪናችሁ ግን ከሱ ውጭ ነው።

ሊኑክስ ላይ፦ ይቀላል፣ ግን አንዲት ትእዛዝ አለች

ሊኑክስ ላይ ለብዙ ዓመት መስኮት የሚስለው ኤክስ የሚባለው ሥርዓት ነው። ኤምአይቲ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1984 ተጀመረ። አሥራ አንደኛው ቨርዥን በ1987 ወጣና ኤክስ11 ተብሎ እስከ ዛሬ ቆየ። መሠረቱ ቀላል ነው፦ ፕሮግራሙ አንድ ቦታ፣ ስክሪኑ ሌላ ቦታ ሊሆን ይችላል። ስክሪኑን የያዘው ወገን ሰርቨር ይባላል፣ ፕሮግራሙ ደግሞ ክላየንት። ብዙ ጀማሪ እዚህ ላይ ይምታታበታል፤ ሰርቨር ሲባል ሩቅ ያለው ትልቁ ማሽን ይመስለዋልና። በኤክስ አነጋገር ሰርቨሩ ጠረጴዛችሁ ላይ ያለው ነው።

ይህ አሠራር ለኮንቴይነር ይመቻል። ሦስት ነገር ብቻ መስጠት ነው። አንደኛ፣ ኤክስ የሚያዳምጥበትን ሶኬት የሚባል መገናኛ ለኮንቴይነሩ ማጋራት። ሁለተኛ፣ የትኛው ስክሪን እንደሆነ የሚናገረውን ዲስፕሌይ የሚባል ቫሪያብል መንገር። ሦስተኛ፣ ፈቃድ። ኤክስ ማንም እየመጣ መስኮት እንዳይከፍት ኩኪ የሚባል የሚስጥር ቁልፍ አለው፤ ያንን ቁልፍ ለኮንቴይነሩ ማቀበል ያስፈልጋል።

ነገር የሚበላሸው ሦስተኛው ላይ ነው። ኩኪውን ማቀበል ትንሽ ያስቸግራል። ስለዚህ ስንት መመሪያ «ኤክስሆስት ብላችሁ የመደመር ምልክት ጻፉ» ብሎ ያልፋል። ይሠራልም። ግን ያ ትእዛዝ ፈቃድ መጠየቁን ከነጭራሹ ያጠፋዋል። ይህ በእውነት ያናድደኛል፤ ለተማሪ እንደ ተራ ነገር ተደርጎ ይሰጣልና።

ለምን እንደሚያናድደኝ ላስረዳ። ኤክስ11 ሲሠራ አንድ ስክሪን ላይ ያሉ ፕሮግራሞች እርስ በርስ እንደሚተማመኑ አስቦ ነው። አንዱ ፕሮግራም ሌላው ላይ የሚጻፈውን ቁልፍ ማንበብ ይችላል። የስክሪኑን ፎቶ ማንሳት ይችላል። እንግዲህ ከኢንተርኔት ያመጣችሁትን፣ ማን እንደሠራው የማታውቁትን ኢሜጅ እዚህ ስክሪን ላይ ስታገናኙት፣ ፋይላችሁን ባያይም በጎን ብሮውዘር ላይ የምትጽፉትን የባንክ ፓስወርድ ሊያነብ ይችላል። ኮንቴይነር ውስጥ ስላለ ታስሯል ብላችሁ ተማምናችኋል፤ እሱ ግን ከውጭ ያለውን ያያል። ኩኪውን በትክክል ብታቀብሉት እንኳ ይህ አይቀርም። የመደመር ምልክቷ የምትጨምረው፣ ያንን ዕድል እናንተ ላልጋበዛችሁት ሁሉ መስጠቷን ነው።

መፍትሔ አለ። ለማታምኑት ፕሮግራም የተለየ ኤክስ ሰርቨር ስጡት። ኤክስፕራ ወይም ዜፊር የሚባሉት መሣሪያዎች ይህን ያደርጋሉ። ፕሮግራሙ የራሱን ስክሪን ብቻ ያያል፣ እናንተ ደግሞ ያንን ስክሪን እንደ መስኮት ታያላችሁ።

ሌላው መፍትሔ ዌይላንድ ነው። ክርስቲያን ሆግስበርግ እ.ኤ.አ. በ2008 የጀመረው ነው። እዚያ አንድ ፕሮግራም የሚያየው የራሱን መስኮት ብቻ ነው፤ የጎረቤቱን ኪቦርድ አያነብም። ኮንቴይነር ውስጥ ላለ ፕሮግራም የዌይላንድን ሶኬት ማጋራት ኤክስን ከማጋራት በጣም ይሻላል። ጊዜውም ወደዚያው እየሄደ ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 የወጣው ሬድ ሃት ኢንተርፕራይዝ ሊኑክስ 10 የኤክስ ሰርቨሩን አስወጥቶታል። በዚያው ዓመት ኦክቶበር የወጣው ኡቡንቱ 25.10ም የግኖም ዴስክቶፕን በኤክስ ላይ የማስነሳቱን አማራጭ አንስቷል። የድሮ ፕሮግራሞች ኤክስዌይላንድ በሚባል ድልድይ ይቀጥላሉ። ስለዚህ ዛሬ አዲስ ነገር የምትገነቡ ከሆነ ኤክስ ላይ ብቻ አትመሥርቱት።

ደግሞ አንድ ግልጽ ነገር ልናገር። ለራሳችሁ ሊኑክስ ላፕቶፕ አንድ ፕሮግራም ከፈለጋችሁ ዶከር አያስፈልጋችሁም። ፍላትፓክ በቂ ነው። እሱም ኮንቴይነር ነው፣ ግን ከመጀመሪያው ለዴስክቶፕ የተሠራ። ፕሮግራሙ ፋይል ሲፈልግ ፖርታል በሚባል መንገድ እናንተን ይጠይቃል። ከሌላ ዲስትሮ (የሊኑክስ ዓይነት) የመጣ ፕሮግራም ከፈለጋችሁ ዲስትሮቦክስ አለ፤ ከዶከር ወይም ከአቻው ከፖድማን ጋር ይሠራል፣ መስኮቱንም ድምፁንም በራሱ ያገናኛል። ዲስትሮቦክስ ግን የግል ማህደራችሁን በሙሉ ለኮንቴይነሩ ያካፍላል። ለምቾት እንጂ ለመከላከያ አይሆንም።

ዶከርን ራሱን ለሚጠቀም ሦስት ነገር ላስይዝ። ብሮውዘር ኮንቴይነር ውስጥ ድንገት ከተዘጋባችሁ አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ዶከር የሚሰጠው የጋራ ሜሞሪ 64 ሜጋባይት ብቻ መሆኑ ነው፤ ሲነሳ ከፍ አድርጉለት። ስዕሉ ከተንቀረፈፈ የግራፊክስ ካርዱን ዲቫይስ አልሰጣችሁትም ማለት ነው። የተቀመጠው ፋይል ከውጭ አልስተካከል ካለ ደግሞ ፕሮግራሙ በሩት (በዋናው አስተዳዳሪ) ስም ሄዷል፤ በራሳችሁ የተጠቃሚ ቁጥር አስነሱት።

ዊንዶውስና ማክ

ዊንዶውስ ላይ ነገሩ ካሰብኩት በላይ ተሻሽሏል። ድሮ ቪሲኤክስሰርቭ ወይም ኤክስሚንግ የሚባል ኤክስ ሰርቨር ለብቻ መጫን፣ ፋየርዎል መክፈት፣ አይፒ መጻፍ ነበረበት። ዊንዶውስ ውስጥ ሊኑክስን የሚያስኬደው ደብሊውኤስኤል መስኮት እንዲያሳይ፣ ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2021 ደብሊውኤስኤልጂን አመጣ። ሊኑክስ ውስጥ የሚከፈት መስኮት እንደ ማንኛውም የዊንዶውስ መስኮት ታስክባሩ ላይ ይወጣል፣ ድምፁም ይመጣል። ከውስጥ ዌስተን የሚባል የዌይላንድ ሥርዓትና የማይክሮሶፍት የራሱ የርቀት ዴስክቶፕ ፕሮቶኮል ናቸው የሚሠሩት። መጀመሪያ ዊንዶውስ 11 ላይ ብቻ ነበር፤ በኋላ በስቶር በኩል ለዊንዶውስ 10ም ደረሰ። ኮንቴይነሩን ከደብሊውኤስኤል ውስጥ ካስነሳችሁት እነዚያኑ ሶኬቶች ልታጋሩት ትችላላችሁ።

ችግሩ ራም ነው። ደብሊውኤስኤል 2 በነባሪ እስከ ማሽኑ ራም ግማሽ ድረስ ሊወስድ ይችላል። 4 ጊጋባይት ያለው ላፕቶፕ ላይ ይህ ሞት ነው። በ8 ይሄዳል፣ ገደብ ካስቀመጣችሁለት። ባዮስ ውስጥ ቨርቹዋላይዜሽን መከፈት እንዳለበትም አትርሱ፤ ሁለተኛ እጅ ማሽኖች ላይ ብዙ ጊዜ ተዘግቶ ይገኛል።

ለመንግሥት ቢሮ የአይቲ ሰዎች አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። ዶከር ዴስክቶፕ ለሁሉም ነፃ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ ከ250 ያነሰ ሠራተኛና በዓመት ከ10 ሚሊዮን ዶላር ያነሰ ገቢ ላላቸው ድርጅቶች፣ ለግል ሥራና ለትምህርት ነው ነፃ የሆነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤት መክፈል ይጠበቅበታል። ደብሊውኤስኤል ውስጥ የዶከርን ኢንጂን ብቻ መጫን ወይም ፖድማን መጠቀም ግን ነፃ ነው።

ማክ ላይ ምክሬ አጭር ነው፦ በዚህ መንገድ አትድከሙ። አፕል የራሱን ኤክስ11 እ.ኤ.አ. በ2012 ከሲስተሙ አውጥቶታል። የቀረው ኤክስኳርትዝ ነው፤ ለብቻው ይጫናል። ኮንቴይነሩ ቨርቹዋል ማሽን ውስጥ ስለሆነ ሶኬት ማጋራት አይሆንም፤ በኔትወርክ ነው የሚገናኘው። ለዚያ ደግሞ ኤክስኳርትዝን ከኔትወርክ ጥሪ እንዲቀበል መክፈት አለባችሁ። የሦስት ዳይሜንሽን ስዕል ደካማ ነው። አዲሶቹ ማኮች ደግሞ፣ ከኤም1 ጀምሮ፣ ፕሮሰሰራቸው ሌላ ዓይነት ነው፤ ለኢንቴል የተሠራ ኢሜጅ በማስመሰል ስለሚሄድ ይንፏቀቃል። ከቻላችሁ ፕሮግራሙን ለማክ በተሠራው ቅጂ ጫኑት፤ ካልቻላችሁ ከታች ወደማነሳው የብሮውዘር መንገድ ሂዱ።

«ፒችትሪስ?»

ይህ ጥያቄ ሳይነሳ አይቀርም። የሂሳብ ባለሙያ ያለበት ብዙ ቢሮ ፒችትሪ የሚባለው የሂሳብ ፕሮግራም አለው። መልሱ «አይሆንም» ነው። የሊኑክስ ኮንቴይነር የሊኑክስ ፕሮግራም ነው የሚያስኬደው። የዊንዶውስ ኮንቴይነር የሚባል ነገርም አለ፤ ግን መስኮት ያለው ፕሮግራም እንዲያሳይ አልተሠራም። ዋይን በሚባለው መሣሪያ የዊንዶውስ ፕሮግራምን ሊኑክስ ላይ መሞከር ይቻላል፤ ለአንዳንድ ትንንሽ ፕሮግራም ይሠራል። የድርጅት ሂሳብ ግን እዚያ ላይ አላስቀምጥም። ለፒችትሪ ቨርቹዋል ማሽን ወይም የራሱ ዊንዶውስ ያለው አንድ ኮምፒውተር ይሻላል።

አማርኛው ሳይገባ ሥራው አላለቀም

በዚህ ነገር ላይ የተጻፉ መመሪያዎች ሁሉ ለእኛ የሚጎድላቸው ይህ ነው። ኢሜጁን አመጣችሁ። መስኮቱ ተከፈተ። ሊብሬኦፊስ ላይ የአማርኛ ሰነድ ከፈታችሁ። የሚታየው ባዶ ሳጥን በሳጥን ነው። ሰው ይደነግጣል፣ ፋይሉ የተበላሸ ይመስለዋል። አልተበላሸም። ኢሜጆች ቦታ ለመቆጠብ ሲባል ፎንት ሳይገባባቸው ነው የሚሠሩት፤ ገብቶም ከሆነ የላቲን ብቻ ነው። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መዝገብ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ቦታው አለ፣ የሚስለው ፎንት ነው የጠፋው።

ስለዚህ ኢሜጁን ስትሠሩ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ወይም አቢሲኒካን አብራችሁ ጨምሩ። ሁለቱም ነፃ ናቸው፣ ዴቢያንና ኡቡንቱ ውስጥ በጥቅል ይገኛሉ። ቦታም ብዙ አይወስዱም። ሰነዱ በድሮዎቹ የቪዥዋል ግዕዝ ፎንቶች የተጻፈ ከሆነ ግን ይህ አይበቃም። እነሱ በዩኒኮድ አይደለም የተጻፉት፤ ያው ፎንት ከሌለ የሚወጣው የምልክትና የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ነው። እንዲህ ዓይነቱን ሰነድ ቀድሞ ወደ ዩኒኮድ መለወጥ ያስፈልጋል።

ቀጥሎ ሎኬል፣ ማለትም የቋንቋና የፊደል አያያዝ ቅንብሩ። ብዙ ኢሜጅ ዩቲኤፍ-8ን ሳያስቀምጥ ይመጣል። ያኔ ፋይላችሁን «ሪፖርት ሐምሌ» ብላችሁ ከሰየማችሁት ኮንቴይነሩ ውስጥ የጥያቄ ምልክት ሆኖ ሊታይ ይችላል። አንዳንድ ፕሮግራም ጭራሽ አይከፍተውም። በአንድ መስመር ይስተካከላል፤ ግን ካላወቃችሁት ግማሽ ቀን ይበላል። የሰዓት ክልሉንም አብራችሁ አዲስ አበባ አድርጉት። አለበለዚያ ሰነድ ላይ የሚታተመው ሰዓት 3 ሰዓት ወደኋላ ይቀራል።

ከሁሉም የሚከብደው መጻፍ ነው። ማሽናችሁ ላይ አማርኛ የሚጽፍላችሁ አይበስ ኮንቴይነሩ ውስጥ ላለ ፕሮግራም ብዙ ጊዜ አይደርስም፤ የሚነጋገሩበት መስመር በግድግዳው ማዶ ቀርቷል። ፍላትፓክ ለዚህ መተላለፊያ ስላለው ያለ ችግር ይጻፋል። ዶከር ላይ ግን አይበስንና የአማርኛውን ኪቦርድ ኢሜጁ ውስጥ ራሱ መጫን ነው የሚያዋጣው። በዚህ አካሄድ ከውጭ የሚገባው ተራ የእንግሊዝኛ ቁልፍ ነው፤ ወደ ፊደል የሚለውጠው ውስጥ ያለው ነው። ተማሪው ዊንዶውስም ይያዝ ማክ፣ ሁሉም በአንድ ዓይነት አጻጻፍ ይጽፋል። ፓወር ግዕዝ የለመደ ሰው መጀመሪያ ላይ ትንሽ ያጉረመርማል፤ ቁልፎቹ ሁሉም ቦታቸው አንድ አይደለምና። ይለምደዋል።

ይህን ሁሉ የሚያካትት ኢሜጅ አንድ ሰው አንዴ ከሠራው ለሁሉም ይበቃል። ከድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ ወይም ከሐረማያ አንድ የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ይህን የመመረቂያ ሥራው ቢያደርገው ከልቤ ደስ ይለኛል። የሚጠቅመው ሰው ብዙ ነው።

መስኮቱን ብሮውዘር ላይ መክፈት

ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ። ሦስት ዓይነት ሲስተም ባለበት ክፍል መስኮቱ የት ይከፈት? መልሴ ብሮውዘር ላይ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ኮንቴይነሩ ውስጥ እውነተኛ ያልሆነ፣ በሜሞሪ ላይ ብቻ ያለ ስክሪን ይፈጠራል። ፕሮግራሙ እዚያ ላይ ይከፈታል። ያንን ስክሪን ቪኤንሲ የሚባል የርቀት ስክሪን መሣሪያ ያነበዋል፤ ኖቪኤንሲ ደግሞ ወደ ብሮውዘር ያመጣዋል። ተማሪው አድራሻ ይጽፋል፣ ኪውጂአይኤሱ ይከፈትለታል። የሱ ማሽን የሚሠራው ስዕል ማሳየትና ቁልፍ መላክ ብቻ ነው። ዊንዶውስ 11 የማይቀበለው ያ አሮጌ ላፕቶፕ፣ ቀለል ያለ ሊኑክስ ተጭኖበት፣ ለዚህ ከበቂ በላይ ነው። ማኩም እንደዚያው። ኤክስኳርትዝ የለ፣ ደብሊውኤስኤል የለ።

ክፍሉ ውስጥ የሚያስፈልገው ሰርቨር የሚሆን አንድ ጠንከር ያለ ዴስክቶፕ ነው። 16 ጊጋባይት ራም ካለው ለጥቂት ተማሪዎች ቀላል ሥራ ይበቃል፤ ትልልቅ የሳተላይት ምስል ለሚከፍት ክፍል ግን 32 ይሻላል። ከተማሪዎቹ ጋር በኬብል ወይም በክፍሉ ዋይፋይ ይገናኛል። ኢንተርኔት ከነጭራሹ አያስፈልግም። ድሬዳዋ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በኦገስት 2022 ኔትወርኩን መጀመሪያ የከፈተባት ከተማ ናት፤ አማራጩ አለ። ግን አሥራ አምስት ልጅ በየግሉ ጊጋባይት የሚያልፍ ኢሜጅ በሞባይል ዳታ ያውርድ ማለት ገንዘብ ማቃጠል ነው።

መብራት ሲጠፋ የሚሆነው ነገር ደግሞ ለእኔ ትልቁ ምክንያት ነው። ፕሮግራሙ በየሰው ላፕቶፕ ላይ ካለ ባትሪው የሞተ ሁሉ ሥራው ይጠፋል። እዚህ ግን አንዱን ሰርቨርና የኔትወርክ ስዊቹን ዩፒኤስ ላይ ማድረግ ይበቃል። ተማሪው ጋ ቢጠፋም ፕሮግራሙ ሰርቨሩ ላይ ክፍት ነው። መብራት ሲመጣ ብሮውዘሩን ከፍቶ ካቆመበት ይቀጥላል፤ ግማሽ የተሳለው መስመር እንኳ እንዳለ ይጠብቀዋል። በግንቦት ሙቀት አየር ማቀዝቀዣው ወይም ማራገቢያው ወደ አንድ ማሽን ብቻ መዞሩም ቀላል ነገር አይደለም።

ጉድለቱን ልናገር። ኖቪኤንሲ ድምፅ አያመጣም። ቪዲዮ መቁረጥ አይሆንም። የጨዋታ ወይም ከባድ የሦስት ዳይሜንሽን ሥራ አይሆንም። ለካርታ፣ ለሰነድ፣ ለስታትስቲክስ፣ ለፕሮግራሚንግ ግን በደንብ ይሆናል።

ሴኩሪቲው ላይ ግን መሳነፍ የለም። የተለመደው የቪኤንሲ ፓስወርድ የሚቆጥረው የመጀመሪያዎቹን 8 ፊደላት ብቻ ነው፤ ረጅም ብትጽፉም የቀረውን ይጥለዋል። የሚላላከው ነገርም በራሱ አልተመሰጠረም። ከፊት በኤችቲቲፒኤስ የሚመሰጥር ፕሮክሲ (አገናኝ ፕሮግራም) አስቀምጡ። ለእያንዳንዱ ተማሪ የራሱ ኮንቴይነርና የራሱ ፓስወርድ ይኑረው።

ብዙ ልምድ ያለው ሰው ሳይቀር የሚሳሳትበት ደግሞ አለ። ኡቡንቱ ላይ ዩኤፍደብሊው ፋየርዎልን አብርታችሁ፣ ፖርቱን (የኔትወርክ በሩን) ዘግታችሁ ትተኛላችሁ። ዶከር ግን ፖርት ሲከፍት የከርነሉን የኔትወርክ ሕግ በቀጥታ ስለሚጽፍ ዩኤፍደብሊውን አልፎት ይሄዳል። ፋየርዎሉ «ተዘግቷል» እያለ ፖርቱ ለሁሉም ክፍት ነው። ማሽኑ የሕዝብ አይፒ ያለው ከሆነ ዴስክቶፓችሁ ለዓለም ተዘረጋ ማለት ነው። ፖርቱን ስትከፍቱ ከፊቱ የክፍሉን ኔትወርክ አይፒ ወይም ፕሮክሲው እዚያው ማሽን ላይ ካለ የራሱን የውስጥ አድራሻ ጻፉ። ከዚያ በሌላ ስልክ፣ በሌላ ኔትወርክ ሞክራችሁ አለመከፈቱን በዓይናችሁ እዩ።

የተማሪው ሥራም ኮንቴይነሩ ውስጥ መቀመጥ የለበትም። ኮንቴይነር ሲወገድ ውስጡ የተጻፈው አብሮ ይሄዳል። የየተማሪውን ማህደር ከውጭ፣ በሰርቨሩ ዲስክ ላይ አድርጋችሁ አገናኙት። ማታ ማታ ያንን ማህደር ብቻ ወደ ሌላ ዲስክ መገልበጥ በቂ ነው፤ ፕሮግራሙን ኢሜጁ በማንኛውም ሰዓት ይመልሰዋል።

ኢሜጁ በፍላሽ ይሄዳል

መጨረሻ ላይ ማጓጓዙ አለ። ኢሜጁን አንድ ሰው አንዴ ያውርደው ወይም ይሥራው። ዶከር ሃብ እ.ኤ.አ. ከኖቬምበር 2020 ጀምሮ ሳይመዘገቡ ለሚያወርዱ ሰዎች በአይፒ አድራሻ ገደብ አድርጓል። ክፍሉ በሙሉ በአንድ አይፒ የሚወጣ ከሆነ ገደቡም የጋራ ነው። ስለዚህ አንዴ ማምጣትና እዚህ ማዳረስ ነው የሚሻለው።

ዶከር ኢሜጅን ወደ አንድ ፋይል የሚያወጣበት «ሴቭ»፣ መልሶ የሚያስገባበት «ሎድ» የሚባል ትእዛዝ አለው። ብዙ ኢሜጅ ካላችሁ ሁሉንም በአንድ ሴቭ አውጧቸው፤ የሚጋሩት ክፍል አንዴ ብቻ ስለሚጻፍ ፋይሉ ያንሳል። ከዚያ ጨምቃችሁ ፍላሽ ላይ ገልብጡት። ፍላሹ ፋት32 ከሆነ ከ4 ጊጋባይት የበለጠ አንድ ፋይል አይቀበልም፤ ቦታ እያለው «አይበቃም» ይላችኋል። ኤክስፋት አድርጋችሁ ፎርማት አድርጉት። ሐረር ያለ ሌላ ክፍል ከፈለገው በሚኒባስ ይደርሰዋል፤ በዳታ ከማውረድ ይፈጥናል።

ፍላሽ በየማሽኑ ሲዞር ቫይረስም ፋይል መበላሸትም አለ። ስለዚህ ከመላካችሁ በፊት የፋይሉን አሻራ፣ ሻ256 የሚባለውን ቁጥር፣ አውጡና በቴሌግራም ለብቻው ላኩት። ተቀባዩ እሱም ያወጣል፣ ያመሳክራል፤ አንድ ፊደል ከተለየ አያስገባውም፣ እንደገና ያስገለብጣል።